ወንድሜን ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያ፦ ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ድምፁን በራሱ እንዲሰጥ እንዴት እንዘጋጅ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ወንድሜን በባጃጅ ይዤው ሐዋሳ ውስጥ ሰፈራችን ያለው ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ደረስን። ዊልቸሩን አውርደን ዘረጋነው፣ እሱን አስቀመጥነው፣ ቀና ስል ሦስት ደረጃ። ከደረጃው በላይ በረንዳ፣ ከበረንዳው ወዲያ ክፍሉ። አራት ጎረምሶች ከሰልፉ ወጥተው «እኛ እናነሳዋለን» አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ በክፉ አላነሳቸውም። ግን ወንድሜ ትልቅ ሰው ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲያጋድል የክንድ መደገፊያውን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሰልፉ በሙሉ እሱን ያይ ነበር። ውስጥ ከገባን በኋላ ደግሞ አንዷ አስፈፃሚ እሱን ትታ እኔን እያየች «ማንን ነው የሚመርጠው?» አለችኝ። ጮክ ብላ፣ ክፍሉ ሰው ሞልቶ እያለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ነገር ስከታተል፣ ስጠይቅ፣ ሌሎች ቤተሰቦችንም ሳግዝ ቆይቻለሁ። የገባኝን ልንገራችሁ። የምርጫው ቀን ላይ የሚደርሰው ችግር አብዛኛው ከሳምንታት በፊት፣ ምዝገባው ላይ መፍትሔ ሊያገኝ ይችል የነበረ ነው። እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

መጀመሪያ መብቱን እንያዝ፣ ምክንያቱም በር ላይ «ለምን አመጣችሁት» የሚል ሰው አይጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ድምፅ አሰጣጡም በሚስጥር እንደሆነ እዚያው ላይ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 29 አካል ጉዳት ያለበት ሰው ሲመርጥ፣ ከፈለገ፣ እሱ ራሱ በመረጠው ሰው መታገዝ እንደሚችል ይላል። «እሱ ራሱ በመረጠው» የምትለዋን አስምሩባት። ምርጫችን የሚመራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። የእነዚህን ሦስት ሕጎች ቁጥር ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ሰው በቁጥር ስትናገሩት ቶሎ ያዳምጣል።

መታወቂያው ይቅደም

ብዙ ቤት ውስጥ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ቢያድግም የቀበሌ መታወቂያ የለውም። «የት ሊሄድበት ነው» ይባልና ይቀራል። ታናናሾቹ ሁሉ ያወጣሉ፣ እሱ ይዘለላል። ከዚያ ምርጫ ሲመጣ ማንነቱን የሚያሳይበት ነገር ይጠፋል። ስለዚህ የምርጫ ወሬ ሳይነሳ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ፣ መታወቂያውን አውጡለት። ለምርጫ ብቻ አይደለም፤ ለባንክም፣ ለሕክምናም፣ ለሲም ካርድም ይፈለጋል።

ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ቀን 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ይቺ ስድስት ወር ብዙ ሰው ታሳስታለች። እኛ ቤት እንኳ አክስታችን ከስትሮክ በኋላ እንድናስታምማት ከዲላ ሐዋሳ መጥታ ነበር። እንደዚህ ቤት የቀየረ ሰው ካለ ስድስት ወሩ መሙላቱን ቀድማችሁ ቁጠሩ።

ስትመዘገቡ ቶሎ ሂዱ። አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው የሰው ቁጥር ጣሪያ አለው፣ በ2013ቱ ምርጫ 1,500 ነበር። ቅርባችሁ ያለው ጣቢያ ከሞላ ራቅ ወዳለው ትላካላችሁ። እግር ላለው ሰው አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ዊልቸር ለሚገፋ ሰው ግን ኮብልስቶን፣ ክፍት ቦይና ጭቃ ማለት ነው። ካርዱን ስትቀበሉ ስም፣ ዕድሜና የጣቢያው መለያ በትክክል መጻፋቸውን እዚያው ቁማችሁ አንብቡ። ለማያይ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ጣቢያውን በዓይናችሁ እዩት

የእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ወንድሜን ለምዝገባ ስወስደው ጠረጴዛው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነበር። አስፋልቱ እስከ ጠረጴዛው ይደርሳል፣ ምንም ችግር አልነበረም። ድምፅ የሚሰጠውም እዚያው መስሎኝ ሄድኩ። ለካ ድምፅ የሚሰጠው ከጀርባ ባለው ክፍል ነው።

ስለዚህ ስትመዘገቡ ይሄን ጠይቁ፦ «የምርጫው ቀን ሚስጥራዊ ድምፅ መስጫው የት ክፍል ነው የሚሆነው?» ንገሩን ብቻ አትበሉ፣ አሳዩን በሉ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ዊልቸሩን ቤት ለኩት፣ አብዛኛው ከጎማ እስከ ጎማ 65 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሚገፋው ሰው እጅ ሲጨመርበት በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ተከፋች በር ሆኖ አንዱ ከላይ በመቀርቀሪያ ከተያዘ፣ የምርጫው ቀን እንዲከፈት ቀድማችሁ ተናገሩ። ገብታችሁም መጋረጃው ጀርባ ያለውን ጠረጴዛ ከፍታ እዩ። ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው ደረቱ ጋ የሚደርስ ጠረጴዛ አይጠቅምም፣ ጉልበቱ ከሥር መግባት አለበት። ካልሆነ ጭን ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ካርቶን ወይም መክተፊያ ይዛችሁ ሂዱ። አትሳቁ፣ እኔ የምይዘው መክተፊያ ነው፣ ከዚያ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ደረጃ ካለ «ጣውላ ጣል እናደርጋለን» ይሏችኋል። ጣውላ ጣል ማድረግ መፍትሔ የሚሆነው ለትንሽ ከፍታ ብቻ ነው። አንድ ደረጃ ብዙውን ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ዊልቸር ሳይገለበጥ፣ ገፊውም ሳይታመም እንዲወጣ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ ደረጃ 1 ሜትር ከ80፣ ለሦስት ደረጃ ደግሞ 5 ሜትር ከ40 የሚሆን መወጣጫ ማለት ነው። አምስት ሜትር ጣውላ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ ሰኔ ላይ ከዘነበበት ደግሞ ያንሸራትታል። ከሁለት ደረጃ በላይ ከሆነ መወጣጫ ከመለመን ይልቅ ድምፅ መስጫውን ደረጃ ወደሌለው ክፍል፣ ወይም ግቢው ውስጥ በድንኳንና በመጋረጃ ወደተከለለ ቦታ እንዲያወርዱት ጠይቁ። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል፤ ይሄንንም ጥቀሱላቸው። ግን በልመናም በጭቅጭቅም ቃና አትሂዱ። «ሰባት ሰው ነን፣ ሁለቱ ዊልቸር፣ ሦስቱ ክራንች፣ ሁለት አዛውንቶች» ብላችሁ በቁጥር ሂዱ። ሰፈር ውስጥ ዞራችሁ ስትቆጥሩ እኮ ብዙ ናችሁ። እኔ ብቻዬን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፣ በእኛ መንደር ብቻ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ሲደመሩ ሰልፍ ይሠራሉ።

የሚያግዘው ሰው ማን ይሁን

ይሄ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ።

የሚያግዘውን ሰው የሚመርጠው መራጩ ነው። እናት ስለሆንሽ፣ እህት ስለሆንሽ፣ ቀለብ ስለምትሰጪው ብቻ መብቱ ያንቺ አይሆንም። ወንድሜን «ማን ይግባ አብሮህ?» ብዬ ስጠይቀው እኔን ይመርጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። የመረጠው የአጎታችንን ልጅ ነበር። ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። በኋላ ሳስበው ግን እኔ ቤት ውስጥ ስለ ፖለቲካ ብዙ እናገራለሁ፣ የምደግፈውን ሁሉም ያውቃል። እሱ ደግሞ የተለየ ነገር አስቦ ሊሆን ይችላል። የአጎቴ ልጅ ዝምተኛ ነው። የመረጠበት ምክንያት ገባኝ።

ዕጩን፣ የፓርቲ ወኪልን፣ ታዛቢን ወይም እዚያው ጣቢያ የሚሠራን ሰው አጋዥ አታድርጉ። በቅንነት «ልርዳው» ቢሏችሁም «አመሰግናለሁ፣ የመጣ ሰው አለን» በሉ። መራጩ ብቻውን የመጣ ከሆነና አጋዥ ከፈለገ ሰልፍ ውስጥ የሚያምነው ጎረቤት ካለ ይጥራ።

አጋዡ እጅ ነው፣ ዓይን ነው፣ አንዳንዴ አፍ ነው። ልብ አይደለም። ምልክት የሚያደርገው የተነገረውን ብቻ ነው። «ይሄኛው ይሻልሃል» አይባልም። ወጥቶም ለሰው አይናገርም፣ ለሚስቱም ቢሆን።

ወንድሜ በቃል አይናገርም። «አዎ» ማለት ሲፈልግ ወደ ላይ ያያል፣ «አይ» ሲል ዓይኑን ይጨፍናል። ድምፅ አሰጣጡን ቤት ተለማመድነው፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ለእናንተም ይሠራ ይሆናል። ወረቀት ላይ አራት ምልክት ሣልኩ፦ ዓሣ፣ ጀበና፣ ጃንጥላ፣ ወንበር። የማንንም ፓርቲ ምልክት ለማስመሰል አይደለም፣ ለልምምድ ነው። የአጎቴ ልጅ ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሳይፈጥን ሳይቆይ ያነባል። ወንድሜ የፈለገው ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ያያል። እዚያ አይቆምም። ሳያቆም እስከ መጨረሻው ያነባል፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ እንደገና። ሁለቱም ጊዜ አንዱ ላይ ካየ፣ ያ ነው። ከተለያየ ሦስተኛ ይደገማል። አንዴ ብቻ ከተነበበ የአንባቢው ድምፅ ሳያውቀው አንዱ ላይ ይወፍራል፣ ያ ደግሞ መምራት ነው። መጀመሪያ ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። በአራተኛው ቀን ወደ ሦስት ደቂቃ ወረደ። በየቀኑ ወረቀቱን ሳሳየው ዓሣዋን ነበር የሚመርጠው፣ የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ምን ይምረጥ።

ይሄን መንገድ ለጣቢያው ኃላፊ ቀድማችሁ አስረዱ። ካልነገራችኋቸው ሁለት ሰው መጋረጃ ጀርባ ረጅም ሰዓት ሲንሾካሾክ ያያሉ፣ ይጠራጠራሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ምልክቱ በኤክስ ወይም በጣት አሻራ ይደረጋል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ኤክስ ከመጻፍ አሻራ ይቀላል፣ ግን አሻራ የራሱ ጣጣ አለው። ቀለሙ ብዙ ከሆነ ወረቀቱ ሲታጠፍ ሌላኛው ሳጥን ላይ ይታተማል፣ ድምፁም ሊበላሽ ይችላል። ቤት በማኅተም ቀለም ተለማመዱ፦ ጣቱን ቀለሙ ላይ ነካ፣ ትርፍ ወረቀት ላይ አንዴ ጠቅ፣ ከዚያ እውነተኛው ላይ። ከማጠፋችሁ በፊት ቀለሙ ይድረቅ፣ ሶፍት ያዙ። የወንድሜ እጅ ጥብቅ ብሎ ይጨበጣል፣ በጉልበት ሲከፍቱት ይብሳል። በሞቀ ውሃ በተነከረ ፎጣ ትንሽ ሲያዝ ግን አውራ ጣቱ ራሱ ይፈታል። በፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይዘን ነው የምንሄደው።

ስንት ሰው መምረጥ እንደሚቻል ወረቀቱን ስትቀበሉ ጠይቁ። ጠቅላላ ምርጫ ላይ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ሁለት የተለያየ ወረቀት ይሰጣል። ለክልሉ ከአንድ በላይ ዕጩ ሊመረጥ ይችላል። ይሄን ሳታውቁ ከገባችሁ የማያይ ወይም የማያነብ ሰው ከሚፈቀደው በላይ ምልክት ሊያደርግ ይችላል። በኅዳር 10 ቀን 2012ቱ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ቀላል ነበር፣ ምልክቱ ሻፌታና ጎጆ ብቻ፣ አንዱን መምረጥ ነው። ያንን ያዩ ሽማግሌዎች ጠቅላላ ምርጫውም እንዲያ ይመስላቸዋል።

ለማያይ መራጭ

ጎረቤታችን ጋሼ ልጅ ሆነው ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፣ ብሬል እንደ እኛ ጋዜጣ ያነባሉ። «ሌላ ሰው ምልክት ሲያደርግልኝ ያደረገው ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ልክ ናቸው።

ለዚህ የተሠራ ነገር አለ። የሚዳሰስ መምሪያ እንበለው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንደ ፖስታ የሚገባበት ካርቶን ነው፣ በየዕጩው ትይዩ ቀዳዳ አለው፣ ከቀዳዳው ጎን በብሬል ወይም በነጠብጣብ ቁጥር። መራጩ ውጭ ሳለ የዕጩዎቹ ተራ ይነበብለታል፣ የፈለገው ስንተኛ እንደሆነ ይይዛል፣ ገብቶ በጣቱ ቆጥሮ ቀዳዳው ውስጥ ምልክት ያደርጋል። ጋናና ሴራሊዮን ተጠቅመውበታል። ለጣቢያችሁ መምሪያው ይመጣ እንደሆነ በምዝገባ ጊዜ ጠይቁ፣ ቢመጣ ደግሞ ለሁለቱም ወረቀት መሆኑን። የምርጫው ቀን ካርቶኑን የሚያውቅ አስፈፃሚ ላይኖር ይችላልና ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንዳይቀር «መምሪያው አለ?» ብሎ በስሙ መጠየቅ ነው። ወረቀቱ ሲገባ አቅጣጫው እንዳይገለበጥ አንድ ሰው ጫፉን ያረጋግጥ።

መምሪያው ከሌለ አጋዥ። ያኔ መራጩ አጋዡን «ከላይ እስከ ታች ሁሉንም አንብብልኝ» ይበለው። የሚፈልገውን ስም ቀድሞ አይንገረው። ሁሉም ተነቦ ካለቀ በኋላ «ሦስተኛው» ይበል፣ ጣቱን ራሱ ያሳርፍ፣ አጋዡ ቦታውን ብቻ ያስተካክል። ትንሽ የሚያይ ሰው ከሆነ ደግሞ ማጉያ መነጽርና ትንሽ የእጅ ባትሪ ይያዝ። የመማሪያ ክፍል ጥግ፣ መጋረጃ ጀርባ፣ ደመና ቀን፣ ያያል የተባለው ሰው እንኳ አያይም።

ለማይሰማ መራጭ

ይሄ አጭር ነው፣ ግን አትርሱት። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጣቢያው ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። አንድ ካርቶን ላይ በትልቁ ጻፉ፦ «መስማት አልችልም። በጽሑፍ ወይም በእጅ አሳዩኝ።» ሐዋሳ ላይ በአማርኛም በሲዳምኛም ይጻፍ። ስልክ ላይ ከመጻፍ ወረቀት ይሻላል፣ መጋረጃው አካባቢ ስልክ ሲያዩ ፎቶ የምታነሱ ይመስላቸዋል። ተራችሁ ሲደርስ ስም ተጠርቶ እንዳያልፋችሁ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ልብ በሉ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው

ሕጉ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የመወሰን አቅም ያጣን ሰው የሚመለከት ገደብ አለው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት፣ ኦቲዝም ያለበት፣ ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ ግን እዚያ ውስጥ አይወድቅም። ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰው ፊት አይቶ «ይሄ አይችልም» ብሎ ሊበይን አይገባም። እንደዚያ ካጋጠማችሁ «በየትኛው ውሳኔ ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፣ መራጩም ራሱ ስሙንና አድራሻውን ይናገር። ብዙ ጊዜ ያ ብቻውን ይበቃል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ታማኝ እንሁን። ልጁ ምን እንደሆነ ሳይገባው ካርድ አስይዘን የእኛን ድምፅ ሁለት እናድርገው ማለት የእሱን መብት መስረቅ ነው። ካልፈለገ አይሂድ። ከፈለገ ግን በሚገባው ቃል እናስረዳው። «ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መንገድ የት እንደሚሠራ የሚወስኑ ሰዎች አሉ። እነሱን የምንመርጠው እኛ ነን። ያሰብከውን ለማንም መናገር የለብህም።» ይሄን ያህል ነው። ጣቢያውን ባዶ ባለበት ቀን ወስዳችሁ አሳዩት፣ ሰልፉን፣ መጋረጃውን፣ ሣጥኑን በባዶ ካርቶን ቤት ተጫወቱት። ጩኸትና ግፊያ የሚረብሸው ከሆነ ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ጠይቁ።

ከአልጋ ለማይነሳ ሰው

እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር የለኝም። አውስትራሊያን የመሰሉ አገሮች ለዚህ ብዙ መንገድ አላቸው። በፖስታ ይመረጣል፣ የማያዩ ሰዎች በስልክ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ተንቀሳቃሽ ቡድን ሣጥኑን ይዞ አረጋውያን መኖሪያ ይሄዳል፣ ጣቢያው ካልተመቸም መራጩ መኪናው ውስጥ እንዳለ ወረቀቱ ይመጣለታል። እኛ ጋ መራጩ በተመዘገበበት ጣቢያ በአካል ተገኝቶ ነው የሚመርጠው። ካርዱን ሰጥቶ ሰው መላክ አይቻልም። አትሞክሩት፣ ወንጀል ውስጥ ትገባላችሁ።

የሚቻለው መውሰድ ነው። መቀመጥ የሚችል ሰው ከሆነ ጀርባው የሚጋደም መቀመጫ ያለው መኪና ፈልጉ፣ ባጃጅ ለአንገት አይሆንም። ኦክስጅን፣ ካቴተር ወይም በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ የጤና ባለሙያውን ቀድማችሁ አማክሩ። ከመኪና መውረድ ለማይችል ሰው ምን ማድረግ እንደሚችሉ የጣቢያውን ኃላፊ ከሳምንታት በፊት ጠይቁ፣ ለምርጫ ቦርድም በጽሑፍ አመልክቱ። በራሳችሁ ሐሳብ ግን ወረቀቱን ከክፍሉ ይዛችሁ አትውጡ። ማመልከቻው ዛሬ ባይመለስ እንኳ ያስገቡት ሰዎች ቁጥር ይታያል። ብቻዬን ከምጽፍ በአካል ጉዳተኞች ማኅበር በኩል ብሄድ ይሻላል ብዬ ሐዋሳ ያሉትን ማኅበራት ማነጋገር ጀምሬያለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ ሞክሩት።

የዕለቱ ጉዳይ

ጣቢያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። መዝጊያው ሲደርስ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ይመርጣል። እኔ ማለዳውን አልመክርም፣ ሁሉም ሰው ማለዳ ነው የሚወጣው። ግን ከሰዓት በኋላ የሐዋሳ ዝናብ አለ። ረፋዱ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ለእኛ ጥሩ ነበር፤ ወንድሜ ቁርሱን በልቶ፣ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ሰውነቱ ከተፍታታ በኋላ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሕፃን ለያዙ እናቶች ቅድሚያ ይሰጣል። ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ እስክትታዩ አትጠብቁ። ወደ ፊት ሂዱ፣ ሰልፍ ለሚያስተናግደው ንገሩ። ጉዳቱ የማይታይ ሰው፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ቅድሚያ ሲጠይቅ ሰው ያጉረመርማል። «ቆሜ መቆየት አልችልም» ማለት በቂ ነው፣ የሕመሙን ስም ለሰልፉ መዘርዘር የለበትም።

አስፈፃሚው እናንተን እያየ ስለ መራጩ ከጠየቀ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። «እሱን ይጠይቁት፣ ይሰማዎታል» በሉ። እኔ ያኔ ያላልኩት ይሄንን ነው።

መጸዳጃ ቤቱ ዊልቸር አያስገባም ብላችሁ አስቡ። ከቤት ሳትወጡ ጨርሱ፣ የሚቀየር ልብስና ፓድ ያዙ። ውሃ አትከልክሉት፣ ቀስ እያለ ይጠጣ። ካርዱና መታወቂያው በላስቲክ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል፣ እናንተ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን እሱ ላይ። የማይለቀውን ቀለም ጣቱ ላይ ሲቀቡት የትኛው እጁ እንደሚያመው ቀድሞ ይንገራቸው። ወረቀቱ በስህተት ከተበላሸ ሣጥን ውስጥ ሳይገባ ተናግሮ ሌላ ይጠይቅ።

ችግር ከተፈጠረ እዚያው ጣቢያው ላይ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። በአፍ ተናግራችሁ አትሂዱ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሰዓቱን፣ የሆነውን፣ ያዩትን ሰዎች በአንድ ገጽ ጻፉ፣ ቀሪውን ግልባጭ ያዙ። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል። ግን እንዳይመርጥ ከተከለከለ መጀመሪያ ማስመረጡ ይቅደም፣ ጽሑፉ ማታ ይደርሳል።

ባጃጁን ደግሞ አትልቀቁት። የዚያን ቀን ወንድሜ ጨርሶ ሲወጣ ድካሙ አንገቱ ላይ ይታይ ነበር፣ ቀና ማለት አቅቶት ትከሻው ላይ ወድቋል። ያመጣን ባጃጅ ሄዷል። አርባ ደቂቃ ያህል መንገድ ዳር ቆመን፣ ዣንጥላዬን እሱ ላይ ዘርግቼ፣ የሚያልፉት ሁሉ ዊልቸሩን ሲያዩ እጃቸውን እያወዛወዙ ያልፉ ነበር። አሁን ሰፈራችን ያለ፣ ዊልቸሩን ከኋላ በገመድ ማሰር የሚችል አንድ ልጅ ስልክ አለኝ። የመሄጃውን ሳይሆን የመመለሻውን ሒሳብ ነው ቀድሜ የምከፍለው።